ሀዋሳ ላይ ሆናችሁ የድምፅ ባለሙያ ለመሆን፦ ከዲፓርትመንት ምርጫ እስከ መጀመሪያው ሥራ

የ12ኛ ክፍል ውጤት በተለቀቀ ቁጥር "ሳውንድ ኢንጂነሪንግ የት ነው የሚማሩት?" የሚል ጥያቄ ይመጣል። ጠያቂዎቹ ብዙ ጊዜ መዘምራን መሃል ያደጉ ልጆች ናቸው። ኪቦርድ ይነካካሉ፣ ሚክሰር (የድምፅ ማደባለቂያ) ዙሪያ ይውላሉ፣ ስልካቸው ላይ ቢት ይሠራሉ። ቤተሰብ ደግሞ "መጀመሪያ ዲግሪህን ያዝ፣ ከዚያ የፈለግከውን ሁን" ይላል። ሁለቱን ማስታረቅ ይቻላል።

አንድ ነገር ቀድሜ ልናገር። ሀዋሳ ውስጥ የድምፅ ሰው እንጀራ የሚበላው በንግግር ነው። ዘፈን ሚክስ ማድረግ ደስ ይላል፣ ስምም ያስጠራል። ገንዘብ የሚከፈለው ግን በአብዛኛው ስብከቱ፣ ስብሰባው፣ የሰርጉ ምርቃት እና የዜናው ንባብ ጥርት ብሎ እንዲሰማ ለሚያደርግ ሰው ነው። ትምህርቱንም ልምምዱንም ስትመርጡ ይህን አትርሱ።

1. መጀመሪያ ሥራውን ለዩ

"ሳውንድ" ተብሎ የሚጠራው ሥራ ቢያንስ አራት ነው። የመድረክ ድምፅ አለ፤ ሰርግ፣ ኮንሰርት፣ አምልኮ፣ ጉባኤ። የስቱዲዮ ሥራ አለ፤ ቀረጻ፣ ሚክሲንግ (ድምፆችን ማደባለቅ)፣ ማስተሪንግ (የመጨረሻ ማጥራት)። የሬዲዮና የቴሌቪዥን ሥራ አለ። አራተኛው ገጠማ ነው፤ ለአዳራሽ፣ ለሆቴልና ለቤተ ክርስቲያን ሲስተም መርጦ፣ ኬብል ዘርግቶ፣ አስተካክሎ ማስረከብ።

ብዙ ልጅ ስቱዲዮውን ብቻ ያያል። እኔ ግን ሀዋሳ ላለ ሰው መድረክና ገጠማን አስቀድማለሁ። ዘፋኝ ቅንብሩን አዲስ አበባ ልኮ ማሠራት ይችላል። የአዳራሽ ማይክ ሲጮህ ግን ከአዲስ አበባ ሰው አይጠራም፤ መንገዱ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እዚሁ ያለ ሰው ይፈለጋል።

2. ዲፓርትመንት ምረጡ

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የምደባ ቅጽ ላይ "የሙዚቃ ምህንድስና" የሚል ስም አትጠብቁ። ሙያውን ከሁለት አቅጣጫ ገጣጥማችሁ ነው የምትሠሩት፤ አንዱ ፊዚክስና ኤሌክትሮኒክስ፣ ሌላው ሙዚቃ።

የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ከሆናችሁ የእኔ ምክር ኤሌክትሪካልና ኮምፒውተር ምህንድስና ነው። ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ በቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ይሰጠዋል። የመጀመሪያው ዓመት ለሁሉም የጋራ ነው። ከዚያ በኋላ ዲፓርትመንት የሚደርሳችሁ በውጤት ነው፤ ስለዚህ የፍሬሽማን ሒሳብና ፊዚክስን እንደ ቀልድ አትዩ። ትምህርቱ 5 ዓመት ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ማለፍም ግድ ነው፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው።

ሙዚቃው ራሱ የሚያንገበግባችሁ ከሆነ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው ያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት አለ። እዚያ ለመግባት በመሣሪያ ወይም በድምፅ ትፈተናላችሁ። ፒያኖ፣ ክራር፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንት፣ ኖታ እና ሶልፌጅ (ኖታን አይቶ በድምፅ ማዜም) ትማራላችሁ። ሶልፌጅ ያጠና ጆሮ ሚክሰር ላይ ሲቀመጥ ልዩነቱ ወዲያው ይታወቃል። ኤሌክትሪኩን ግን በራሳችሁ ጊዜ መማር አለባችሁ።

ዩኒቨርሲቲ ያልደረሰው ሰው የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ገብቶ ኤሌክትሮኒክስ ይማር፣ የብቃት ማረጋገጫ ፈተናውን (ሲኦሲ) ይውሰድ። አምፕሊፋየር ከፍቶ የሚጠግን፣ ኬብል በሥርዓት የሚበይድ ሰው በዚህ ከተማ ሥራ አያጣም። ይህን መንገድ ዝቅ አድርጋችሁ አትዩት።

3. ከክፍል ውስጥ የሚጠቅማችሁን ዝረፉ

ኤሌክትሪካል ውስጥ ብዙ ኮርስ አለ፤ ለእናንተ ወርቅ የሆኑት ጥቂት ናቸው። "ሲግናልስ ኤንድ ሲስተምስ" የመጀመሪያው ነው። ተማሪው ፎሪየር ሲባል ይሸሻል። ፎሪየር ግን ኢኳላይዘር (የድምፁን ወፍራምና ቀጭን ክፍል ለይቶ የሚጨምርና የሚቀንስ መሣሪያ) ማለት ነው። አንድ ድምፅ ከስንት ንዝረቶች እንደተሠራ የሚያሳየው ሒሳብ፣ የሰባኪው ድምፅ ለምን እንደሚያፍን የሚነግራችሁም እሱ ነው። ቀጥሎ ዲጂታል ሲግናል ፕሮሰሲንግ ይመጣል። ድምፅ በሰከንድ 44,100 ጊዜ የሚለካው ለምንድን ነው? ሰው የሚሰማው እስከ 20,000 ኸርትዝ (በሰከንድ የንዝረት ብዛት) ገደማ ነው፤ አንድን ንዝረት ለመያዝ ደግሞ ከእጥፉ በላይ መለካት ያስፈልጋል። ለቪዲዮ 48,000 ነው። እያንዳንዱ ልኬት በ16 ቢት ሲመዘገብ ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው ድምፅ 96 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ያህል ቦታ ታገኛላችሁ፣ በ24 ቢት 144። ለዚህ ነው በ24 ቢት ስትቀርጹ መጠኑን ዝቅ አድርጋችሁ መቅረጽ የማያስፈራው።

ሁለት ነገሮችን በጊዜ አስቡባቸው። አንዱ ኢንተርንሺፕ ነው። ጓደኛ የሄደበት ፋብሪካ ተከትላችሁ አትሂዱ። ከወራት በፊት ደብዳቤ ይዛችሁ ሬዲዮ ጣቢያ፣ ቴሌቪዥን ጣቢያ ወይም ሲስተም የሚገጥም ድርጅት አንኳኩ። ሁለተኛው የመመረቂያ ፕሮጀክት ነው። የግቢውን አዳራሽ የማስተጋባት ጊዜ (ድምፅ እስኪጠፋ የሚፈጀውን) ለክታችሁ የማሻሻያ ሐሳብ ብታቀርቡ፣ ያ ወረቀት በኋላ ሥራ ስትፈልጉ የሚታይ ናሙና ይሆናል።

4. ጆሮ አሠልጥኑ

ይህ በገንዘብ አይገዛም፤ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ነው። 250፣ 500፣ 1,000፣ 2,000 እና 4,000 ኸርትዝ ድምፆችን አዳምጡና በስማቸው መጥራት ልመዱ። ከዚያ የምታውቁትን ዘፈን ከፍታችሁ ከእነዚህ አንዱን በኢኳላይዘር ከፍ አድርጉ። ጓደኛ ያድርግላችሁ፣ እናንተ ገምቱ። 250 አካባቢ ሲበዛ ድምፁ ይታፈናል። 3,000 አካባቢ ሲበዛ ጆሮ ይወጋል።

የራሳችንን ሙዚቃ ለይታችሁ አጥኑ። ኦቶቲዩን (የዘፋኝን ድምፅ ወደ ኖታው የሚጎትት ሶፍትዌር) በውጭ ስኬል ላይ ተስተካክሎ ይመጣል። አንቺሆዬ የሚዘፍን ድምፃዊ ላይ እንዲሁ ከጫናችሁት ቅኝቱን ያበላሸዋል፤ የድምፁን ጌጥ ይላጨዋል። ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን በጆሮ የማይለይ ሰው የአማርኛ ዘፈን አያስተካክል። ማሲንቆ ስትቀርጹ ማይኩን ቆዳው ወዳለበት ሳጥን እንጂ ወደ ደጋኑ አታዙሩት፤ የፀጉሩ መፋተግ ብቻ ይገባባችኋል። ከበሮ ሁለት ፊት አለው፤ ወፍራሙና ቀጭኑ ድምፅ የሚወጣው በተለያየ ጎን ነው። ሁለት ማይክ ካላችሁ ለሁለቱም ስጡ።

ሀዋሳ የምትኖሩ ደግሞ ሌላው ከተማ የሌለው ዕድል አላችሁ። የሲዳማ የዘመን መለወጫ ፍቼ ጨምበላላ ጉዱማሌ በሚባለው ሜዳ ላይ ሲከበር ቄጣላውን (የኅብረት ዜማና ጭፈራውን) ቀርጹ። በዓሉ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ መዝገብ ሰፍሯል። ሜዳ ላይ በብዙ ሺህ ሰው መሃል መቅረጽ ከየትኛውም ክፍል በላይ ያስተምራል። ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ማይኩን እንዳይመታው ፀጉራም መከላከያ አልብሱት። የጩኸቱ ጫፍ ሲመጣ እንዳይሰነጠቅ መጠኑን ዝቅ አድርጋችሁ ጀምሩ። ከሁሉ በፊት ግን አባቶችን አስፈቅዱ፣ ለምን እንደምትቀርጹም ንገሯቸው። ቅጂውን መልሳችሁ ብትሰጧቸው ደግሞ ያስከብራችኋል።

5. አዳራሽ ውስጥ ተለማመዱ

እዚህ ላይ ረዘም ልበል፤ ሥራው ያለው እዚህ ነውና።

ሀዋሳ ውስጥ ለጀማሪ በሩ ክፍት የሆነው ቦታ ቤተ ክርስቲያን ነው። በየሳምንቱ ፕሮግራም አለ፣ ሚክሰር አለ፣ ዘማሪ አለ፣ ተናጋሪ አለ። በጎ ፈቃደኛ ሁልጊዜ ይፈለጋል። ገብታችሁ መጀመሪያ ኬብል ጠቅልሉ። ኬብል አጠቃለል የማያውቅ ሰው ሚክሰር አይነካም። እጅና ክርን ላይ አትጠምጥሙት፤ ውስጡ ይሰበራል። አንዱን ዙር ወደ ውስጥ፣ ቀጣዩን ወደ ውጭ እያደረጋችሁ በተፈጥሮ ጥቅሉ አስተኙት።

አሁን አንድ አዳራሽ እንውሰድ። ርዝመቱ 20 ሜትር፣ ስፋቱ 15፣ ከፍታው 5። ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው ልስን፣ ጣሪያውም ጠንካራ ነው። ገብታችሁ አንዴ አጨብጭቡ። ድምፁ ወዲያ ወዲህ እየተላተመ አልጠፋ ይላል። ድምፁ እስኪጠፋ የሚፈጀውን ጊዜ ለማወቅ ሒሳቡ ቀላል ነው፦ የክፍሉን ይዘት በ0.161 አባዙና ድምፅ ለሚመጥጠው ስፋት አካፍሉ። ይዘቱ 1,500 ሜትር ኩብ ነው። የገጾቹ ጠቅላላ ስፋት 950 ሜትር ካሬ ነው፤ እንዲህ ያለ ጠንካራ ገጽ ከሚያርፍበት ድምፅ 5 በመቶውን ያህል ቢመጥጥ 47 ተኩል ይሆናል። መልሱ 5 ሰከንድ ገደማ ነው። ለንግግር የሚመቸው 1 ሰከንድ አካባቢ ነው። ተናጋሪው አንዱን ቃል ሳይጨርስ የቀደሙት ቃላት ገና ክፍሉ ውስጥ እየዞሩ ነው ማለት ነው።

አሁን 300 ሰው አስገቡ። አንድ ሰው ከነልብሱ 0.4 ሜትር ካሬ ያህል ይመጥጣል፤ 120 ጨመራችሁ። ጊዜው ወደ አንድ ሰከንድ ተኩል ይወርዳል። ስለዚህ ቅዳሜ በባዶ አዳራሽ ያስተካከላችሁት ድምፅ እሁድ ሌላ ነው። ባዶ ሲሆን የሚያስጨንቃችሁን ሁሉ በኢኳላይዘር አትቁረጡ። ሰው ሲሞላ የሚቀረውን ብቻ ነው የምታክሙት።

ከዚያ እንዲህ ሂዱ። ስፒከሮቹን ወደ ሰዉ አዙሩ። ብዙ ቦታ ስፒከሩ የኋላውን ግድግዳ እያየ ይሰቀላል፤ ትንሽ ወደ ታች ብታዘነብሉት ብቻ ግማሹ ችግር ይቀላል። ማይኩ ከስፒከሩ ኋላ ይሁን። የማይናገርበት ማይክ ሁሉ ይዘጋ፤ የተከፈቱት ማይኮች በእጥፍ ሲጨምሩ የመጮህ አደጋው በ3 ዴሲቤል ይጨምራል። የተናጋሪው ማይክ ላይ ከ100 ኸርትዝ በታች ያለውን ቁረጡ፤ ከዚያ በታች ያለው በአብዛኛው እግር፣ ነፋስና ጉርምርምታ ነው። ተናጋሪውን ማይኩን ወደ አፉ እንዲያቀርብ በትህትና ጠይቁ። "አባባ፣ ትንሽ ጠጋ ያድርጉልኝ" ማለት ከማንኛውም ቁልፍ በላይ ይሠራል፤ ርቀቱ በግማሽ ሲቀንስ 6 ዴሲቤል ታተርፋላችሁ።

አሁንም የሚጮህ ከሆነ መጠኑን ቀስ ብላችሁ ከፍ አድርጉ፣ የመጀመሪያው ፉጨት ብቅ ሲል በጆሯችሁ የትኛው ኸርትዝ እንደሆነ ገምቱ፣ ባለ 31 ቁልፍ ኢኳላይዘሩ ላይ እሱን ብቻ 3 ዴሲቤል ቀንሱ። ደግማችሁ ከፍ አድርጉ። ሦስት አራት ቦታ ከቀነሳችሁ በኋላ አቁሙ። ከዚያ በላይ ከሄዳችሁ ድምፁ ሕይወት ያጣል።

ረጅም አዳራሽ መሃል ላይ ተጨማሪ ስፒከር ካለ ማዘግየት ያስፈልገዋል። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ከመድረክ 20 ሜትር ርቆ የተሰቀለ ስፒከር ላይ 58 ሚሊ ሰከንድ አስገቡ፣ 10 ያህል ጨምሩበት። ኋላ የተቀመጡት ሰዎች ድምፁ ከተናጋሪው የመጣ ይመስላቸዋል።

ክረምት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ ምንም ኢኳላይዘር አያድናችሁም። እዚያ መፍትሔው ከጣሪያው ሥር ኮርኒስ ማስገባት ነው፤ ይህን ለአሠሪው በግልጽ መንገር የእናንተ ሥራ ነው።

ስለ መብራት ደግሞ አጥብቄ እናገራለሁ። እኛ የምንጠቀመው 220 ቮልት በ50 ኸርትዝ ነው። ሲስተሙ "ኡምምም" የሚል ከሆነ ብዙውን ጊዜ ዕቃዎቹ ከተለያየ ሶኬት መሬት ስለሚያገኙ ነው። ሁሉንም ከአንድ መስመር አብሩ፣ ለኪቦርዱ ዲአይ ቦክስ (የመሣሪያውን ድምፅ ለሚክሰር የሚያመቻች ትንሽ ሳጥን) ተጠቀሙ፣ ሳጥኑ ላይ ያለውን የግራውንድ ማንሻ ሞክሩ። የመሬቱን ሽቦ ወይም የፕለጉን መሬት በፍጹም አትቁረጡ። ጊታር የያዘ ልጅ ከንፈሩን ማይክ ላይ ሲያስጠጋ ኤሌክትሪክ ሊይዘው ይችላል፤ ሰው ይሞትበታል። ዲጂታል ሚክሰር ካለ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪ) ላይ ይሁን። መብራት ብልጭ ብሎ ጠፍቶ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ሚክሰሩ ጠፍቶ እንደገና ሲነሳ ጉባኤው ሁሉ ዞሮ እናንተን ነው የሚያየው።

6. ዕቃ ግዙ፣ ግን በቅደም ተከተል

በመጀመሪያ ጥሩ ሄድፎን። ቀጥሎ ሁለት ግቤት ያለው ኦዲዮ ኢንተርፌስ (ማይክን ከኮምፒውተር የሚያገናኝ ሳጥን)። ቀጥሎ አንድ ዳይናሚክ ማይክ። ኮንደንሰር ማይክ ይቆይ፤ 48 ቮልት ይፈልጋል፣ ባልታከመ ክፍል ውስጥም የጎረቤቱን ዶሮ ሳይቀር ይሰማል። ሹር ኤስኤም 58 ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራ ማይክ ነው፤ አስመስለው የሠሩትም ገበያውን ሞልቶታል። እውነተኛው ወደ 300 ግራም ይመዝናል። በጣም ከቀለላችሁ ተጠራጠሩ። ከመክፈላችሁ በፊት ሰክታችሁ ከታወቀ ማይክ ጋር አነጻጽሩ።

የመቅረጫ ሶፍትዌሩ አያስጨንቃችሁ። ኦዳሲቲ ነፃ ነው። ሪፐር 60 ቀን በነፃ ያስሞክራል፣ በደካማ ላፕቶፕም ይሠራል። ብዙ አዳራሽ የምታገኙት ቤሪንገር ኤክስ32 ሚክሰር ደግሞ በኮምፒውተር የሚጫን ነፃ መቆጣጠሪያ አለው። ሚክሰሩ ሳይኖራችሁ ቤት ቁጭ ብላችሁ እያንዳንዱን ገጽ ማጥናት ትችላላችሁ። መድረክ ላይ ስትደርሱ እጃችሁ ቦታውን ያውቀዋል።

ጆሯችሁን ጠብቁ። 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ችግር የለውም ይባላል። በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፤ 100 ዴሲቤል ላይ የሚፈቀደው 15 ደቂቃ ብቻ ነው። የሰርግ ስፒከር አጠገብ የሚቆም ሰው ይህን በልቡ ይያዝ። የጆሮ መሰኪያ ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር።

7. ሥራ ፈልጉ

ሲቪ ብቻውን አይበቃም። የድምፅ ናሙና አዘጋጁ። አንድ የንግግር ቅጂ ከመስተካከሉ በፊትና በኋላ፣ አንድ የመድረክ ቀረጻ፣ አንድ ዘፈን፣ አንድ ለቪዲዮ የተሠራ ድምፅ። እያንዳንዱ ከአንድ ደቂቃ አይብለጥ። ለብሮድካስት የሚሆነውን በአውሮፓው መስፈርት ከዜሮ በታች 23 ሉፍስ (የድምፅ ጉልህነት መለኪያ) ላይ አውጡት፤ ለስትሪሚንግ 14 አካባቢ በቂ ነው። ይህን የሚያውቅ አመልካች ጥቂት ነው።

ከዚያ ዙሩ። የሲዳማ ሚዲያ ኔትወርክን የመሰሉ ጣቢያዎች የሚቀጥሩት በማስታወቂያ ነው፤ ፈተና አለው፣ ዲግሪ ይጠየቃል። የኤሌክትሪካሉ ወረቀት እዚህ ይሠራል። ሲዳምኛ መስማትና መናገር ከቻላችሁ በአርትዖት ክፍል ትልቅ ጥቅም አለው፤ ቃሉ የት እንደሚቆረጥ ቋንቋውን የማያውቅ ሰው አይለይም። ሐይቅ ዳር ያሉት ሆቴሎችና ሪዞርቶች ዓመቱን ሙሉ ሥልጠናና ጉባኤ ያስተናግዳሉ። የአዳራሽ ኃላፊውን አግኙና አንድ ቀን በነፃ ሲስተሙን ልፈትሽላችሁ በሉ። የተቃጠለ ትዊተር (የቀጭን ድምፅ ስፒከር)፣ የተገለበጠ ኬብል፣ የማይሠራ ዋየርለስ አታጡም። ዝርዝሩን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ስጡ። ያ ወረቀት ወደ ሥራ የመቀየር ዕድሉ ከማመልከቻ ይበልጣል።

ሰርግ ቀረጻ ቤቶችን አትናቁ። ምስሉ አምሮ ድምፁ የማይሰማ ሰርግ በየቤቱ አለ። ለቪዲዮግራፈሩ ቀጥታ ከሚክሰር ንጹሕ ድምፅ ቀድታችሁ የምትሰጡ ከሆነ በየሰርጉ ይጠራችኋል። ሥራው በጥር ይበዛል፣ በዐቢይ ጾም ይቀዘቅዛል፣ ከፋሲካ በኋላ ይመለሳል። በጥር ያገኛችሁትን በሙሉ አትጨርሱ፤ የጾሙ ወራት ለጥገናና ለገጠማ ሥራ ይሁን።

ውጭ መማር የምትፈልጉ ካላችሁ የሙያው መንገድ ረጅም ታሪክ አለው። ጀርመን ዴትሞልድ እ.ኤ.አ. ከ1949፣ እንግሊዝ ሰሪ (Surrey) ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ከ1970 ጀምሮ ቶንማይስተር የሚባለውን የድምፅ ቀረጻ ትምህርት ይሰጣሉ፤ ሙዚቃንም ፊዚክስንም እኩል ይፈትናሉ። ሙላቱ አስታጥቄ የተማረበት የቦስተኑ በርክሊ የሙዚቃ ኮሌጅ በኢንተርኔት የሚሰጣቸው የሙዚቃ ፕሮዳክሽን ኮርሶች አሉት፤ ከሀዋሳ ሳትነሱ መጀመር ትችላላችሁ። ኖታ ማንበብና አንድ መሣሪያ በደንብ መጫወት ግን ከአሁኑ ያዙ፤ በኋላ አይደረስበትም።

8. ስለ ገንዘብ

ዋጋ ስትነግሩ ለይታችሁ ንገሩ፤ የዕቃ ኪራይ፣ የሰው ጉልበት፣ ትራንስፖርት። "በአጠቃላይ ስንት?" ሲሏችሁ አንድ ቁጥር ብቻ ከጠራችሁ ቅነሳው በእናንተ ጉልበት ላይ ነው የሚያርፈው። ቀብድ ሳትቀበሉ ቀን አትያዙ። የጓደኛ ወንድም ቢሆንም ሰዓቱን፣ የማይክ ብዛትና መብራት ቢጠፋ ጄኔሬተር የማን እንደሆነ በጽሑፍ ይቀመጥ፤ የቴሌግራም መልእክትም ይበቃል። ሆቴልና መሥሪያ ቤት ደረሰኝ ስለሚጠይቁ ቲን ነምበርና ንግድ ፈቃድ ቶሎ አውጡ፤ ያለ እሱ ጨረታ ውስጥ አትገቡም።

የስቱዲዮ ሥራ ከሆነ ለማዳመጥ የሚሆነውን ቅጂ በኤምፒ3 ላኩ። እርማት ስንት ጊዜ እንደሚደረግ አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ ሁለት ይበቃል። ፕሮጀክቱን በሁለት ሃርድ ዲስክ አስቀምጡ። ሙሉው ክፍያ ሲገባ ዋናውን፣ ያልተጨመቀውን የዌቭ ፋይል አስረክቡ።